የሌለ ሰው መልክ

ይርጋነሽ ወልደ ኪዳንን ሥዕል ያስተማራት ሰው የለም። አባቷ መሪጌታ ወልደ ኪዳን ዕድሜያቸውን ሙሉ ቢቸና ላይ ተማሪ ሲያስተምሩ ኖረው ሲሞቱ የብራና መጻሕፍታቸውን ደብሩ ወሰዳቸው። እሷ ግን በገጾቹ ጠርዝ ላይ የተሣለውን ሐረግ ከልጅነቷ ጀምሮ በጣቷ ስትከተለው ስላደገች በቃሏ ይዛው ነበር። ያንኑ ሐረግ በቀሚስ ላይ በእርሳስ እየነደፈች ለከተማው ሴቶች ጥልፍ መሥራት ጀመረች። በሃያ ሁለት ዓመቷ እሷና እናቷ ወይዘሮ ወለተ ሐና የሚተዳደሩት በዚሁ ነበር።

የሰው ፊት መሣል የጀመረችው ለማንም ሳትናገር ነው። ገበያ ውላ ስትመለስ ዓይኗ ላይ የቀረውን ሰው ከትምህርት ቤት በተጣለ ወረቀት ጀርባ ላይ ታወጣዋለች። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ዓይናቸው ግንባራቸው ላይ እየተሰቀለ ሰው ሳይሆኑ ይቀሩባት ነበር። አንድ ቀን በጥልፍ ክር የእናቷን ፊት ለካች። ከፀጉር መብቀያ እስከ ቅንድብ፣ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ጫፍ፣ ከዚያ እስከ አገጭ፤ ክሩ ሦስቱም ጋ እኩል መጣ። ዓይን ደግሞ የሚቀመጠው ከጭንቅላት እኩሌታ ላይ ነው።

«ምነው፣ ለመግነዝ ነው የምትለኪኝ?» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሐና።

ይርጋነሽ አልሰማቻቸውም። ወረቀት ፍለጋ ተነሥታ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ከሐረር ተመድቦ የመጣ የቁስል አካሚ፣ ስለ ዓይን በሽታና ስለ ዝንብ የሚያስተምር ሥዕል በክሊኒኩ ግድግዳ ላይ እንድትሠራለት ለመናት። ሠራችለት። ዓይኗን የታመመችው ሴት ቁርጥ ጠላ ሻጯን ፈንታነሽን መሰለች ተብሎ ከተማው አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቀ። ፈንታነሽ ግን አልሳቀችም።

በ1960 ዓ.ም. የግብር ነገር አገሩን አወከው። አዲሱን ግብር ሊገምቱ የወጡ ሦስት ጸሐፊዎች ከቢቸና ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ከተሰበሰበ ሕዝብ ጋር ተጋጩ። አንዱ እዚያው ሞተ፤ አንዱ ሮጦ አመለጠ፤ ሦስተኛው ገብረ ኪዳን ራሱን ተፈንክቶ ክሊኒክ ገባ። ነገሩን እንዲያጣራ ሻምበል ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባል መኮንን ከሌላ ጠቅላይ ግዛት ፖሊሶች ይዞ መጣ። ቁስለኛውን ሊጠይቅ ክሊኒክ በገባ ዕለት የግድግዳውን ሥዕል ቆሞ ሲያይ ቆየና ማን እንደሣለው ጠየቀ።

ይርጋነሽን ወዲያው ከቤቷ አስጠሯት።

«ያላየሽውን ሰው፣ ሌላ ሰው ሲነግርሽ ሰምተሽ ትሥያለሽ?» አላት ሻምበሉ።

«ሞክሬ አላውቅም ጌታዬ።»

«ዛሬ ትሞክሪያለሽ።»

ገብረ ኪዳን ራሱ በፋሻ ተጠምጥሞ ተኝቷል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ሲናገር ቶሎ ቶሎ ይደክመዋል። ሕዝቡን ፊት ሆኖ የመራው አንድ ሰው እንደነበር፣ እሱን በቅርብ እንዳየው ተናገረ። ይርጋነሽ አልጋው አጠገብ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«ረጅም ነው» አለ ገብረ ኪዳን። «ፊቱ ቀጭን፣ ጉንጩ የጎደጎደ። ቅንድቡ የተጋጠመ።»

እርሳሷ ተከተለው። አንድ ፖሊስ ከውጭ ሲጣራ ሻምበሉ ወደ መስኮቱ ሄደ። በዚህ መካከል ቁስለኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የግራ ጆሮው ጫፍ የለም። ተቆርጧል» አለ።

የይርጋነሽ እጅ ቆመ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቅንድበ ግጥም፣ የግራ ጆሮው ጫፍ የሌለ ሰው በዚያ አገር አንድ ብቻ ነው። የእናቷ ወንድም አካለ ወልድ። ጆሮውን በልጅነቱ በቅሎ ነክሳው ነው። አባቷ ከሞቱ ወዲህ በየዓመቱ ከደብረ ወርቅ በኩል ጤፍ ጭኖ የሚያመጣላቸው እሱ ነበር። ወረቀቱን ስታየው ግማሹ ወጥቷል፤ የአጎቷ ግንባርና ቅንድብ ከጉልበቷ ላይ ቀና ብሎ ያያታል።

ሻምበሉ ከመስኮቱ ዞረ። «ምን አለ?»

«ጆሮው አልታየኝም አለ» አለች ይርጋነሽ። «ኩታ ተከናንቦ ነበር።»

ገብረ ኪዳን አፉን ከፈተ። ሊያርማት ነው ብላ ጠበቀች። ግን ራሱን ሲያነሣ ሕመሙ ያዘውና ዓይኑን ጨፍኖ ተመልሶ ተኛ።

በላጲስ ቅንድቡን ለያየችው። ጉንጩን ሞላችው፣ መንጋጋውን አሰፋችው፣ ጺም ጨመረችበት። አፍንጫውን አሳጠረች። ከግራ ዓይኑ ሥር አንዲት እብጠት አስቀመጠች፤ ለምን እንዳስቀመጠቻት አላሰበችም፤ እጇ ራሱ ነው ያወጣት። የቸኮለች እንዳይመስልባት እየተጠነቀቀች ቀስ ብላ ጨረሰችና ለገብረ ኪዳን አሳየችው።

«እንዲህ ነበር?» አለ ሻምበሉ።

ገብረ ኪዳን ብዙ አየው።

«እንዲህ... ሳይሆን አይቀርም» አለ ቁስለኛው። ከዚያ ደግሞ አንዴ አየውና «አዎ» አለ።

ሻምበሉ ደስ ብሎት ሌላ አራት ቅጂ አሠራት። አንደኛው ገብረ ኪዳን መልኩን እንዳይረሳው ከአልጋው ትይዩ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የቀሩት ወደየከተማው ሄዱ። እያንዳንዱ ቅጂ ከፊተኛው እየተሻለ፣ ሰውየው ይበልጥ ሕያው እየሆነ መጣ። አምስተኛውን ስትጨርስ፣ እንዲህ ደህና አድርጋ የሠራችው ፊት እስከዚያን ቀን አልነበረም። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆና እንኳ ይህ ደስ አላት፤ በደስታዋም አፈረች።

ለእናቷ ብቻ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ወለተ ሐና በማግስቱ ለጸበል ብለው ደብረ ወርቅ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ተመልሰው በሩን ከዘጉ በኋላ «ወንድሜ ዓባይ በረሃ ወርዷል» አሉ።

«እኔ የሣልኩት የሌለ ሰው ነው እማ። ማንንም አይጎዳም።»

«እንዳፍሽ ያድርገው» አሉ እናቷ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፋንታ የሚባል የቢቸና ተወላጅ ፖሊስ በላንድሮቨር መጣባት። ፋንታ በልጅነቱ ከመሪጌታ ወልደ ኪዳን ዘንድ ፊደል የቆጠረ ነው። አሁን ግን ዓይኗን አያይም።

«ሞጣ ትፈለጊያለሽ። ሰውየው ተይዟል።»

«የቱ ሰውዬ?»

«አንቺ የሣልሽው።»

ደብረ ወርቅን ሲያልፉ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለመች። ጉንደ ወይን ላይ ፋንታ ዳቦ ገዝቶ ሰጣት፤ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። የሌለ ሰው እንዴት ይያዛል? ይህን ብቻ ነበር የምታስበው።

ሞጣ ሲደርሱ እስረኞቹ ካሉበት ግቢ በር ላይ አንዲት ሴት አገልግል ይዛ ቆማለች። ይርጋነሽ ከመኪናው ስትወርድ እጇን ያዘቻት።

«እህቴ፣ የጽሕፈት ቤት ሰው ነሽ? ባሌ ገላው ይባላል። ልብስ ሰፊ ነው። ጸሐፊው የሞተ ዕለት ከሲንጀሩ አልተነሣም፤ ገበያው ሁሉ ያውቃል። የጎረቤት ምስክር አይታመንም ይሉኛል። ነገ ወደ ደብረ ማርቆስ ሊልኩት ነው አሉ።»

«ከዚያስ?»

«ሰው ሞቷል እኮ። ከዚያማ ስቅላት ነዋ።» ሴትየዋ አምሳለች ትባላለች። ይርጋነሽ ማን እንደሆነች ሳትነግራት እጇን አስለቅቃ ገባች።

ሻምበል ኃይለ ጊዮርጊስ ባለፉት ሳምንታት ከስቷል። ከበላይ በየቀኑ ቴሌግራም ይመጣበታል።

«የእስረኛው መልክ ከመዝገቡ ጋር መላክ አለበት» አላት። «እዚህ ፎቶግራፍ አንሺ የለም። ስለዚህ ትሥይዋለሽ። ሥራሽ መልካም ነበር። ሰውየውን ገበያ መሀል ነው በሥዕሉ የለዩት፤ ገብረ ኪዳንም ከቢቸና መጥቶ እሱ ነው ብሏል።»

«አቶ ገብረ ኪዳን እዚህ ናቸው?»

«ከጎን ካለው ክፍል። ነገ አብሮ ይሄዳል።»

እስረኛውን አስገቡት። ይርጋነሽ ቀና አለች። ሰፊ መንጋጋ። አጭር አፍንጫ። ከግራ ዓይኑ ሥር ያቺ እብጠት። በአምስት ወረቀት ላይ የሣለችው ፊት አቧራ ለብሶ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ቆሞ ያያታል። የግራና የቀኝ ጆሮው ምንም አልሆነም። ጣቶቹ እጁ ከታሰረበት ገመድ የተነሣ አብጠዋል።

የት እንዳየችው ያን ጊዜ ትዝ አላት። ከሁለት ዓመት በፊት ቢቸና ለገበያ መጥቶ የስፌት መኪናውን ተክሎ ሲሰፋ፣ ክር በጥርሱ ሲበጥስ፣ ቆማ አይታዋለች። ያን ዕለት ማታ አልሣለችውም። እጇ ግን አልረሳውም። ከራሷ የፈጠረችው መስሏት የሰው ፊት ሰርቃ ኖሯል።

ወረቀቱን ዘረጋች፤ እርሳሱ ግን አልነካውም። አንድ ቃል ብትናገር ሰውየው ይፈታል፤ ያ ቃል ጆሮ ነው። ጆሮን ካነሣች ደግሞ በሳምንት ውስጥ ወታደር ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ የእናቷን ወንድም በገመድ አስሮ ያመጣዋል። ዝም ካለች ልብስ ሰፊው ይሰቀላል። ሻምበሉ ቆሞ እየጠበቀ ነው።

«ጌታዬ» አለች በመጨረሻ። «የፊተኛውን ስሠራ አቶ ገብረ ኪዳን ደክመው ነበር። እኔም ቸኩያለሁ። ለትልቅ ፍርድ ቤት የሚሄድ ከሆነ መጀመሪያ እሱን እንደገና ላስተካክለው። እሳቸው ይንገሩኝ። እስረኛውን ግን እንዳያዩት ይውጣ፤ ካዩት ያምታታቸዋል።»

ሻምበሉ ተስማማ። የተሻለ ሥዕል ለመዝገቡ ይጠቅማል። ገላውን አስወጡት፤ ገብረ ኪዳን ገባ። ፋሻው ወልቋል፤ ቁስሉ ላይ ፀጉሩ አልበቀለም። ፋንታ በሩ ላይ ቆመ።

«እንደ አዲስ ይንገሩኝ» አለችው ይርጋነሽ። «ከግንባሩ ይጀምሩ።»

ገብረ ኪዳን ጀመረ። እሷም ሣለች። ግን የሚለውን አልነበረም የምትሥለው። ከእንግዲህ ፊት እፈጥራለሁ ብላ እጇን አታምንም፤ በሕይወት ያለ ሰው ከእጇ እንዳይወጣ ፈራች። ስለዚህ ማንም ሊይዘው፣ ማንም ሊሰቅለው የማይችል አንድ ሰው መረጠች። የአባቷን ሰፊ ግንባር አስቀመጠች። የአባቷን የከበደ የዓይን ቆብ። ብዙ በማንበብ ወደ ፊት ያጋደለውን አንገታቸውን። ሽማግሌ እንዳይመስሉ ሽበታቸውን አጠቆረችው። ሌላውን እንደነበረ ተወችው።

«ጆሮውስ?» አለ ሻምበሉ ከኋላዋ ቆሞ። «ጆሮውን አስታወስክ?»

ይርጋነሽ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ ተጫነችው።

ገብረ ኪዳን ግድግዳ ግድግዳውን አየ። «ጆሮውን... ኩታ ሸፍኖት ነበር» አለ።

ያን ጊዜ ገባት። ይህ ሰው ሜዳው ላይ ያየውን አያስታውስም። የሚያስታውሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአልጋው ትይዩ የዋለውን ወረቀት ነው።

ሥዕሉን ጨርሳ ሰጠችው። በሁለት እጁ ያዘው።

«እሱ ነው» አለ። «ዓይኑን ተመልከቱት። በእንቅልፌ የሚመጣብኝ እሱ ነው።»

«ከፊተኛው ይሻላል?» አለ ሻምበሉ።

«ይሻላል። ይሄ ራሱ ነው።»

ሻምበሉ ወረቀቱን ተቀበለና ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ እስረኛውን አይመስልም» አለ። «ፋንታ፣ ና እስቲ። ይሄ ገላውን ይመስላል?»

ፋንታ ቀርቦ አየ። ከዚያ ሳያስበው ቆቡን አወለቀ።

«ጌታዬ፣ ይሄማ መሪጌታ ወልደ ኪዳን ናቸው። ነፍሳቸውን ይማር። አስተማሪዬ ነበሩ።»

«የት ነው ያለው?»

«አርፈዋል። ስድስት ዓመታቸው ነው። ሲቀበሩ ነበርኩ።»

«አባቴ ናቸው» አለች ይርጋነሽ።

ገብረ ኪዳን መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እኔ ውሸታም አይደለሁም ሻምበል» አለ በእጁ መሀል። «ያየሁት መሰለኝ።» ይርጋነሽ በእሱ ላይ ያደረገችውን ያኔ ነው ያየችው፤ እሱም ተመቶ የተጣለ ሰው ነበር።

ሻምበሉ ሁለቱንም አስወጥቶ ብቻዋን አስቀራት።

«የፊተኛውን ፊት ከየት አመጣሽው?»

«ከራሴ። ገላውን ድሮ ገበያ ላይ አይቼው ኖሯል። ሳላውቀው እጄ አወጣው።»

«ጸሐፊው የነገረሽ ሰውስ?»

«እሱን መሣል አልቻልኩም ጌታዬ።»

«አልቻልሽም ወይስ አልፈለግሽም?»

መሬት መሬቱን አየች። ከውጭ የአምሳለች ድምፅ ይሰማል፤ ከዘበኛው ጋር ስለ አገልግሉ ትከራከራለች።

«ተይዟል ብዬ ቴሌግራም ልኬያለሁ» አለ ሻምበሉ ቀስ ብሎ። «ይህን ታውቂያለሽ?»

ሦስት ቀን አንዲት ጠባብ ክፍል ዘግቶባት ቆየ። ምን እንደሚያደርጋት አላወቀችም። በሁለተኛው ቀን እናቷ ሞጣ ደርሰው ኖሮ በር ላይ ሆነው ሲጸልዩ ሰማቻቸው፤ ዘበኞቹ ግን እንድትጠራቸው አልፈቀዱላትም። በሦስተኛው ቀን ሻምበሉ ራሱ በሩን ከፈተው።

«ምስክሩ ራሱን ስለተመታ መልክ መለየት አይችልም ብዬ ጽፌያለሁ» አላት። «አንቺን ብከስ የእኔንም ስም ነው መዝገቡ ላይ የማነሣው። ሂጂ። ከእንግዲህ የሰው ፊት አትሣዪ።»

«እሺ ጌታዬ።»

ገላው የተፈታው በዚያው ሰዓት ነው። በር ላይ ከሚስቱ ጋር ቆሞ አገኘችው። ሚስቱ ከዘበኛው ሰምታ ነግራው ኖሮ፣ ሲያያት ቆመ።

«ሥዕሉን የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ይማሩኝ አንቱ።»

«ምን አድርጌሽ ነበር?»

«ምንም አላደረጉኝም።»

ያበጡ ጣቶቹን ለመጨበጥ ሞከረ፤ አልታጠፉለትም። «አሁን ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ፊቴን ነው የሚያየው» አለና ሄደ። አምሳለች አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየቻት።

ይርጋነሽ ሁለት ዓመት ያህል ፊት አልሣለችም። የሻምበሉን ትእዛዝ ፈርታ ብቻ አይደለም፤ እርሳስ ስታነሣ ያ የገላው የደረቀ ከንፈር ይመጣባታል። አካለ ወልድ የግብሩ ነገር ከበረደ በኋላ ተመለሰ። የፈለገውም ሆነ የያዘው አልነበረም። ያን ዕለት ሜዳው ላይ ዱላ የሰነዘረው እሱ ይሁን ሌላ ሰው፣ አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራት። ጤፉን አራግፎ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። ምን እንዳዳነው ያወቀ አይመስልም።

ሻምበሉ ተዛውሮ ከሄደ በኋላ፣ በ1963 ዓ.ም. ቢቸናን ትታ ገላው በሚኖርበት ሞጣ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየች። ጥልፉን ትሠራለች፤ ለሱቆች ማስታወቂያ ትጽፋለች፤ ከባሕር ዳር በሚመጡ መኪናዎች ቀለም ታስመጣለች። ፊት መሣል ስትጀምርም አንድ ነገር ወሰነች። ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ፣ ለምን እንደሚሣል አውቆ፣ እሺ ያላላትን ሰው አትሥልም። በቃል የምታውቀውን ፊት ሁሉ ተወችው። ይህ ከበዳት። ከትዝታ ስትሥል የማትስተው እጅ፣ ሰው ፊት ለፊቷ ሲቀመጥ እንደ ጀማሪ ይደናበራል።

ሥራዋን የሚያይ ብዙ ነበር፤ የሚቀመጥላት ግን ጠፋ። ወሬዋን ከተማው ያውቃል። ስድስት ወር ያህል ባዶ በርጩማ ስታይ ከቆየች በኋላ አንድ ሐሙስ ጠዋት አምሳለች ገባችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«አቶ ገላው ያውቃሉ?» አለች ይርጋነሽ።

«ያውቃል። አትሂጂ አላለኝም፤ ሂጂም አላለኝም።»

«ሥዕሉን ምን ልታደርጊው ነው?»

«ቤቴ ልሰቅለው ነው። የኔ ፊት ነው፤ የኔ ይሁን።»

በመጀመሪያው ቀን ግንባሯን ብቻ ነበር ያገኘችው። በሁለተኛው ቀን የፊቷ ቀለም አስቸገራት፤ ቡኒውን ብቻውን ስትቀባው ሸክላ ይሆንባታል፤ ቢጫ ስትጨምርበት የታመመች ያስመስላታል። አምሳለች አንዳንዴ ስለ ገላው ጣቶች ትነግራታለች፤ መቀስ መያዝ ችሏል፤ መርፌ ላይ ግን አሁንም ይቸገራል። ይርጋነሽ እየሰማች ትቀባለች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በፊት፣ ብርሃኑ በበሩ በኩል ገብቶ የሴትየዋ አንገት ላይ ሲያርፍ፣ ቡኒው ውስጥ ጥቂት ሰማያዊ ጠብ አደረገችና ከአገጯ ሥር ባለው ጥላ ላይ ሞከረችው። ራቅ ብላ አየችው። ልክ ነበር። አምሳለችን እንዳትነቃነቅ ነግራት ብሩሹን እንደገና ነከረች።